ለዳኛው የመጣ ሳንባ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቢላዋ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም የት እንደገባ እንጃ፤ ሚስቱ እንኳን «አንተ ሰውዬ» ነው የምትለው። ቢላዋ መባሉን ሰምታችሁ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። በሰፈሩ ውስጥ ከእሱ ጋር ክፉ ቃል ተቀያየርኩ የሚል አንድ ሰው አይገኝም። ስሙ የወጣለት ቄራ ውስጥ ስለሚሠራ ነው። በሬው ታርዶና ተገፎ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲመጣ፣ ሆዱን ከላይ እስከ ታች በአንድ ስንጥቅ ከፍቶ፣ አንጀቱን ሳይነካ የሆድ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ የሚያወርደው እሱ ነው። አንጀት ከተቀደደ ፈርሱ ሥጋው ላይ ይፈስና የሁሉም ድካም ገደል ይገባል። እሱ የቀደደበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። እጁ ወርቅ ነበር፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም፣ ጠላት ቢኖረው።

ከእሱ ቀጥሎ የሥጋ መርማሪው ይቆማል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ በሽታ ሲፈልግ ስለሚውል ፊቱ አይፈታም። ጉበቱን ሰንጥቆ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ከሐሞት መሄጃው ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ብቅ ካለ፣ ያ ጉበት አለቀለት። ልቡንና ምላሱን ይቆራርጣል፤ የኮሶ ዘር የቋጠረ ነጭ ፍሬ ካየ ሥጋውም አብሮ ይያዛል። ሳንባውን ደግሞ በመዳፉ ይደባብሰዋል። ውሃ የቋጠረ እባጭ፣ አንዳንዱ አተር የሚያህል፣ አንዳንዱ ብርቱካን የሚያህል፣ ካገኘበት ጥግ ላይ ወዳለው ቀይ በርሜል ይወረውረዋል። በርሜሉ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ካለው ጉድጓድ ይገለበጥና ይቃጠላል። ሕጉ ይኸው ነው።

ሠራተኛው ግን የራሱ ሕግ አለው። ለሰው የተከለከለ ለውሻ አልተከለከለም፣ የውሻ ሆድ ብረት ነው፣ ምን ይሆናል እያለ፣ ቤቱ ውሻ ያለው ሁሉ በርሜሉ ሳይገለበጥ አንድ ሁለት ሳንባ ይመዝዛል። መርማሪው ይቆጣል። ለውሻ አትስጡ፣ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደ ራሳችሁ ነው ይላል። እነሱም እሺ ይሉታል። እሺ ይበልጣል ከሺህ አይደል የሚባለው? እሺ ብሎ እንዳሻው የሚያደርግን ሰው ደግሞ ማን ይዞት ያውቃል።

የጋሽ ቢላዋ ነገር ከሁሉም የሚያሳዝነው ጠንቃቃ መሆኑ ነው። እንደ ሌሎቹ ሳንባውን በፌስታል ጠቅልሎ እብስ አይልም። ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ እያንዳንዱን እባጭ በቢላዋው ጫፍ ነካ እያደረገ ውሃውን ያፈሰዋል። ከዚያ ያጥበዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ደግሞ ያጥበዋል። በሽታው ያለው ውሃው ውስጥ ነው ብሎ ነበር የሚያምነው፤ ውሃው ከፈሰሰ በሽታውም አብሮ በቦዩ ሄደ ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም። ራሱ አስቦ የደረሰበት ነው፣ ደግሞም ይኮራበት ነበር።

ሚስቱ አውቶቡስ ተራ ቲኬት ትቆርጣለች። ሁለት ሰው በማያስቀምጥ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመስታወት ኋላ ተቀምጣ፣ በትንሿ ቀዳዳ በኩል ቲኬትም ጨዋታም ታቀብላለች። የሚቀጥለው አውቶቡስ መቼ ነው የሚነሳው እያለ ደጋግሞ የሚያደርቃትን መንገደኛ «አንተ ጥያቄህን ስትጨርስ» ትለዋለች፤ ሰልፉ ይስቃል፣ ሰውዬውም ይስቃል። የተዋወቁትም እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው። ያኔ ጎረምሳ ነው፣ ከቄራ ሲወጣ የቱንም ያህል ቢታጠብ ሽታው አይለቀውም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የለም። አንድ ቀን ቲኬት ሲጠይቃት አየችውና «ለአንተ ሁለት ወንበር ልቁረጥልህ ወይስ ብቻህን መቀመጥ ይበቃሃል?» አለችው። በውርደት ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ። በማግስቱ ግን ጣቢያው ሙሉ ሌላ መስኮት እያለ ተመልሶ እሷ ጋ ተሰለፈ። ከዚያ ወዲያ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አገኘ።

እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። መጀመሪያ ዘመድ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ዘመድ መከረ፣ በመጨረሻ ዘመድ ዝም አለ፤ የዘመድ ዝምታ ደግሞ ከጥያቄው ይብሳል። እነሱ ግን ያንቺ ነው፣ ያንተ ነው ተባብለው አያውቁም። ቤታቸው ሲመሽ ጸጥ ይል ነበር፣ ሁለቱም ጸጥታውን እያወቁ እንዳላወቁ ያልፉታል። በዚያ ጸጥታ መሃል ነው ውሻው የመጣው። ቡችላ ሆኖ ከቆመ አውቶቡስ ሥር አውጥታው፣ በካርቶን ይዛው ገባች። ቀይ ነው፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ግንባሩ የተሸበሸበ። በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚገባውን የሚወጣውን ሁሉ ኮስተር ብሎ ስለሚያይ ዳኛው አለችው። ከሥራ ስትመለስ «ችሎቱ ተሰይሟል?» እያለች ነው የምትገባው። እሱም ዳኝነቱን ረስቶ ይዘልባታል፣ ፊቷን ይልሳታል፣ እሷም ግንባሩን ትስመዋለች። ስትበላ አገጩን ጭኗ ላይ ያሳርፋል፤ አንድ እጇ ሲያጎርሳት ሌላው ፀጉሩን ይዳብሳል። ጎረቤቷ፣ የአምስት ልጆች እናት፣ «አንቺ፣ ውሻ እኮ ነው» ስትላት «ያንቺዎቹስ ምንድን ናቸው?» ትላታለች። አምስቱንም ታውቃቸዋለችና እናትየውም ትስቃለች።

ጋሽ ቢላዋ ሳንባውን የሚያመጣው ለውሻው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለእሷ ነበር። ውሻው ሲበላ ጎንበስ ብላ እያየች ፊቷ ሲፈካ ለማየት ነበር። ልጅ አልሰጣትም፤ ቢያንስ ያሳደገችውን ያጠግብላታል። እንዲህ ብሎ ለማንም አልተናገረም፣ ሰው ግን የሚወደውን ነገር እጁን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ፌስታሉን የሚፈታበት አኳኋን ለእንግዳ ስጦታ የሚፈታ ነበር የሚመስለው።

ዓመታት ሄዱ። ዳኛው ጎልምሶ አፉ ዙሪያ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር፣ እሷ የወር አበባዋ ቀረ። በዕድሜዋ ሊቀር የሚችልበት ጊዜ ስለነበረ ነገሬ አላለችውም። ከዚያ ግን ሆዷ ከላይ በኩል መነፋት ጀመረ። ምግብ አልወርድላት አለ፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል፣ ቀሚሷ ጠበባት። ጎረቤቷ አንድ ቀን ዓይኗን ሆዷ ላይ ተክላ ቆየችና እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ እሷ ዘልላ በመዳፏ አፈነቻት። ዝም በይ፣ እኔም ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት አለቻት። ከዚያ ሁለቱም ማዕድ ቤት ተዘግተው ተላቀሱ፤ የደስታ ነው ብለው።

ጋሽ ቢላዋ ሐኪም ቤት እንሂድ አላት። አልሄድም አለች። ለምን ቢላት፣ ሄጄ አይደለም ቢሉኝስ አለችው። እስካልሄደች ድረስ ልጁ አለ። እሱም ይህን ከሰማ በኋላ ዳግመኛ አልጠየቃትም። ቀኝ ጎኗን ከጎድን አጥንቷ ሥር ሲወጋት ጎረቤቷ፣ ወንድ ልጅ በቀኝ ነው የሚተኛው፣ አምስት ለወለድኩት ለእኔ ትነግሪኛለሽ ትላታለች። እሷም ከመስታወቱ ኋላ በአንድ እጇ ቲኬት እየቆረጠች፣ ሌላውን ጎኗ ላይ አድርጋ ትውላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። ይባል፤ ያን ሰሞን ግን የእሷን ፊት ያየ ሰው ተረቱን ይረሳው ነበር። ሰልፍ ላይ እርጉዝ ሴት ስታይ ከሁሉም አስቀድማ ታስተናግድና፣ የሆነ ምስጢር እንደሚጋሩ ሁሉ ፈገግ ትልላታለች።

አንድ እሁድ ከሰዓት ጋደም ብላ ሳለ የጋሽ ቢላዋን እጅ ያዘችና፣ ና ንካው ብላ ከጎድን አጥንቷ ሥር አኖረችው። እንግዲህ ይህ እጅ ስንት ጉበት ያወረደ እጅ ነው፤ ዓይን ሳያይ የታመመውን ከጤነኛው የሚለይ። ከቆዳዋ ሥር የተወጠረ፣ ክብ፣ ጫን ሲሉት መልሶ ገፋ የሚያደርግ ነገር አገኘ። እጁ አወቀው። አእምሮው ሳይደርስበት፣ ስሙን ሳይጠራ፣ እጁ አውቆት ሸሸ።

«ምነው?» አለችው።

«እጄ ቀዝቅዞ ነው።»

«ረገጠህ አይደል?»

«ረገጠኝ» አላት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። ለራሱ የልጅ ጭንቅላት ነው አለ። ደግሞ እኔን መቼ የልጅ ጭንቅላት አስነክተውኝ ያውቃሉና ነው የምጠራጠረው አለ። ያን ሰሞን ለዳኛው የሚያመጣው ሳንባ በዛ፤ በደስታ ይሁን በፍርሃት እሱም አያውቀው።

የሚቀር ነገር አልነበረም። አንድ ጠዋት ቲኬት ስትቆርጥ ሕመሙ አጥፎ ያዛትና ከወንበሯ ወደቀች። የተሰለፈው ሰው በሩን ገንጥሎ፣ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳት። ጋሽ ቢላዋ ወሬው ሲደርሰው በደም የተነከረ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ሮጠ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን እያንሸራተተች ስክሪኑን ብዙ አየች። ሚስቱ ዓይኗን ከዶክተሯ ፊት አልነቀለችም። ጋሽ ቢላዋ ግን ስክሪኑን አየ። በግራጫው መሃል ጥቁር ክብ አለ፣ በክቡ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ክቦች። ቧንቧው ሥር በቢላዋው ጫፍ ሲነካካቸው የኖረው እነዚህን ነው። ግድግዳውን ያዘ።

ዶክተሯ ማህፀኗ ባዶ መሆኑን ቀስ ብላ ነገረቻት። እባጩ ያለው ጉበቷ ላይ ነው፣ ያደገውም ዓመታት ፈጅቶ ነው፣ የሚመጣውም ከውሻ ኮሶ ትል ነው አለች። ከዚያ ጠየቀች።

«ቤት ውሻ አላችሁ?»

«አለን» አለች ሚስቱ።

«ምን ይበላል?»

«ባለቤቴ ቄራ ነው የሚሠራው። ሳንባ ያመጣለታል፣ አጥቦ።»

አጥቦ ስትል ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበረ። በዚያ ሰዓት እንኳን። ዶክተሯ ለአፍታ ወደ መሬት አየች። ከዚያ አስረዳቻቸው። በእባጩ ውስጥ፣ ውሃው ቢፈስም በሽፋኑ ላይ፣ ከአሸዋ የደቀቀ የትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ኮሶ ይሆናል፤ ውሻውን አያመውም። የትሉ እንቁላል ግን ከዓይነ ምድሩ ፀጉሩና አፉ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። ሰው ሆድ ሲገባ ትል አይሆንም፤ ጉበት ላይ ወይም ሳንባ ላይ ይቀመጥና እንደገና ውሃ ይቋጥራል። አሁን በጣም ስለተወጠረ ውስጧ እንዳይፈነዳ ያሰጋል። እዚሁ ተኝታ መድኃኒት ስትወስድ ትቆይና በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ትድናለች ብለን ተስፋ እናደርጋለን፣ ከፈነዳ ግን ላንደርስላት እንችላለን አለች።

ሚስቱ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንዱን ብቻ ይመስላል። «ልጅ አይደለም?» አለች። አይደለም አለቻት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቀሚሷን ጎትታ ሆዷን ሸፈነች፣ ሰው ራቁቷን እንዳየባት። ዶክተሯ ስለ ውሻው የቀራትን ልትናገር ዞር ስትል ጋሽ ቢላዋ ከክፍሉ ወጥቶ ሄዷል።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛውን በገመድ አሰረው። ቄራ ሄዶ የማያውቅ ውሻ፣ የዚያ ሁሉ ሽታ መነሻ ወደሆነው ቦታ እየሄደ መሆኑ ሲገባው ገመዱን እየጎተተ ፊት ፊት ሄደ። ጋሽ ቢላዋ መንገዱን ሙሉ ይወቅሰው ነበር። ገደልካት፣ ስትልሳት ኖረህ ገደልካት ይለዋል። ውሻው ድምፁን በሰማ ቁጥር ዞር እያለ ጅራቱን ይቆላለት ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ መግደል የፈለገው ራሱን ነው፤ ራሱን መግደል ስላልቻለ አጠገቡ ያለውን ያዘ። ደግሞ ስትድን ትል ወዳለበት ቤት አትመለስም ብሎ ለራሱ ምክንያት ሰጠ። ምክንያት መች ጠፍቶ ያውቃል።

ከጓሮው ጉድጓድ አጠገብ ሆነ። እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ውሻው አልተሰቃየም፤ ይኸው ይበቃል። አፈር ሲመልስበት መርማሪው ጋዋኑን እየቆለፈ በጓሮው በር ብቅ አለ። ምን ሆነህ ነው ሲለው ጋሽ ቢላዋ ከስክሪኑ ጀምሮ ሁሉንም ነገረው። መርማሪው ሲሰማ ቆየና ወደ አፈሩ ተመለከተ።

«ወንድሜ፣ መድኃኒት አለው እኮ» አለው። «ኪኒን ይውጥና ትሉ ይወጣል። ሳንባውን መተው ነበር እንጂ ውሻው ምን ይሆናል ብለህ ነው።»

ጋሽ ቢላዋ አካፋውን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ። መርማሪው ስንት ጊዜ ነግሬህ ነበር ሊለው ይችል ነበር፣ የሚለው ሁሉ እውነት ነበር። አላለውም። አካፋውን ከእጁ ወስዶ የቀረውን አፈር እሱ መለሰው።

ከሰዓት ሊጠይቃት ሄደ። አልጋዋ ረጅሙ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ስታለቅስ አድራ ፊቷ አብጧል፤ ግን ቀና ብላ ትራሷን ተደግፋ ጠበቀችው። ዶክተሯ ስለ ውሻው የቀረውን ነግራት ኖሯል።

«የእንስሳት ሐኪም ጋ ኪኒን አለ አሉ» አለችው። «ዛሬውኑ ስጠው። ሳንባውንም ተወው። ደግሞ እንዳትናደድበት፣ እሱ ምን ያውቃል?»

ጋሽ ቢላዋ ራሱን ነቀነቀ።

«አደራ» አለችው።

«እሺ» አላት።

ያኔ ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ዶክተሯ እንዳትደነግጥ፣ እንዳትረበሽ ብላለች። እውነቱን ሲነግራት ዘልላ ብትነሳና ቢፈነዳባትስ? ስለዚህ ዋሸ። ውሸት ደግሞ አንዴ ቤት ከገባ ተቀማጭ ነው። በየቀኑ ትጠይቀዋለች፣ በየቀኑ ይመልስላታል። ኪኒኑን ዋጠ? ዋጠ። በምን አዋጥከው? በዳቦ ጠቅልዬ። አልተፋውም? አንዴ ተፋው፣ ደግሜ ሰጠሁት። ናፍቄዋለሁ? በር ላይ ቁጭ ብሎ መንገድ መንገዱን ነው የሚያየው። ይህን ሲላት ታለቅሳለች፣ ወዲያው ደግሞ ትስቃለች። እሱ ከሐኪም ቤቱ ሲወጣ አጥሩ ሥር ቆሞ ያስመልሰው ነበር፣ የእሷ ሕመም የተጋባበት ይመስል።

እሷ ግን ቀለሟ ተመለሰ፣ መብላት ጀመረች፣ ነርሶቹን ታስቃለች። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልወጣትም። ጎረቤቷ ልትጠይቃት መጥታ፣ እኔ ነኝ ያሞኘሁሽ ብላ ስታለቅስ፣ «ተይ፣ አሁን ማን ሞተና ነው» ብላ ነገሩን አለፈችው። ጎረቤቷ የውሻውን ነገር ታውቃለች። ጋሽ ቢላዋ እንዳትነግራት ለምኗታልና፣ ማን ሞተ ስትባል አንገቷን ደፋች።

ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊያስገቧት አልጋዋን ሲገፉ እጁን ያዘች።

«ልጅስ አልሆነልኝም» አለችው። «አንተና ዳኛው አላችሁልኝ። እነሳለሁ።»

በሩ ተዘጋ። የስንቱን ሆድ ሲከፍት የኖረ ሰው፣ የእሷ ሲከፈት ኮሪደር ላይ መቆም እንኳን አቃተው፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሌላው ሰው ምን ብሎ እንደሚጸልይ አላውቅም። እሱ የጸለየው ስለ ዶክተሯ እጅ ነው። እጇ እንዳይስት፣ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ። ስንቱን በቢላዋው ጫፍ ነክቶ ያፈሰሰ ሰው፣ ይህ አንዱ እንዳይነካ ለመነ።

አልፈሰሰም። ዶክተሯ ጭምብሏን አውልቃ ወጣች፣ በሙሉው ወጥቷል፣ ደህና ናት አለችው። እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው።

አልጋዋ ላይ መልሰው ሲያስተኟት ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትም ነበር። ዓይኗ ግማሽ ተከፈተ። እጇ በብርድ ልብሱ ሥር ሆዷን ፈለገ።

«ወጣ?» አለች።

«ወጣ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

ጉሉኮሱን የምታስተካክለው ነርስ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።  ጋሽ ቢላዋ እውነቱን እንደገና ይንገራት? ምን ይበላት?

«ሴት ናት» አላት።

ፈገግ ብላ ተኛች። ስትነቃ ይህን አላነሳችም፣ እሱም አላነሳም። ታስታውሰው፣ አታስታውሰው እግዜር ይወቅ።

ቁስሏ ደረቀና ተሰናበተች። ታክሲ ውስጥ መስኮቱን አስከፍታ፣ አይታው እንደማታውቅ ሁሉ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ አላፊ አግዳሚው ታወራለች። እሱ አዎ አዎ ይላል። ሰፈራቸው ሲደርሱ ጎረቤቷ ደጅ ቆማ ነበር፤ አየቻቸውና ልጆቿን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች። እንኳን ደህና መጣሽ ሳትላት መግባቷ ሚስቱን ገርሟት ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ የግቢውን በር ከፈተችና ዳኛው ብላ ጠራች። የመጣ የለም። ደግማ ጠራች። ጎኗን በእጇ ደግፋ ወደ ጓሮ ዞረች፣ ተመለሰች። ጋሽ ቢላዋ የልብሷን ሻንጣ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«የት ነው?» አለችው።

ነገራት። በርሜሉንም፣ ቧንቧውንም፣ ያን እሁድ ከሰዓት እጁ አውቆት እንደሸሸም ነገራት። ገመዱን ነገራት፣ ጉድጓዱን ነገራት፣ ኪኒን አለው እኮ የተባለውን ነገራት። በየቀኑ የዋሻትንም አልደበቀም። ለራሱ ምንም አላስተረፈም። ሲጨርስ እንድትጮህ ጠበቀ፣ እንድትመታው ጠበቀ። እሷ ቆማ ነበር የሰማችው፣ አንዴም አላቋረጠችውም።

«ሳንባው መሆኑን ያን ቀን እዚያው ዶክተሯ ፊት አውቄዋለሁ» አለችው። «ሳታውቅ ነው ያመጣኸው። ለእኔ ብለህ ነው። ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንድም ቀን አልያዝኩብህም።»

ጋሽ ቢላዋ እንባው ወረደ።

«እሱም እኮ ሳያውቅ ነው» አለች። «የሰጠኸውን በላ እንጂ ምን አደረገ? እኔ አንተን ስምርህ፣ አንተ እሱን መማር እንዴት አቃተህ?»

ከባድ ነገር እንዳታነሳ ዶክተሯ ከልክላታለች፤ እሷ ግን ሻንጣዋን ከእጁ ወሰደችና ራሷ ተሸክማ ገባች። እሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀረ።